ሳይነዳ የሚያልቅ ናፍጣ

ፉሚኖ ኑካዳን የሚያናድዷት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም የሚብሰው ግን ያለቦታው የተረገጠ ፍሬን ነው። መብራቱ ቀይ መሆኑ ከሩቅ እየታየ ሥሩ እስኪደርስ ነዳጅ የሚረግጥና እዚያ ሲደርስ ፍሬን ላይ የሚወጣ ሾፌር ባየች ቁጥር ጋቢናዋ ውስጥ ብቻዋን ትጮኻለች። “ወዴት ነው የምትሮጠው? ቀዩን መብራት ለመሳም ነው? ያቃጠልከው ናፍጣ እኮ አሁን የፍሬንህ ሸራ ላይ ጭስ ሆነ!”

ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። በምሥራቅ ሆካይዶ፣ ሺቤናይ በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ካሉ የላም እርባታዎች ወተት እየሰበሰበች ወደ ፋብሪካ ታደርሳለች፤ የቦቴ ሾፌር ከሆነች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ወተት ደግሞ ይሉኝታ የማያውቅ አስተማሪ ነው። ግማሽ ድረስ የሞላ ቦቴ እየነዱ በድንገት ፍሬን ቢይዙ፣ ወተቱ ከኋላ ተንዶ ይመጣና የታንከሩን ግንባር መትቶ መኪናውን ከነሾፌሩ ወደፊት ይገፋዋል። ከዚያ ተመልሶ ወደኋላ ይጎትታል። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሾፌር ለሚቀጥለው ግማሽ ኪሎሜትር ጀርባው ላይ ይነገረዋል። ፉሚኖ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከወተቱ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሩቅ ማየት።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ ሲነሳ ግማሹ ሰው ቀርፋፋነት ይመስለዋል፤ የቀረው ደግሞ ስስት። ሁለቱም ተሳስተዋል። እየተንቀራፈፈ በየመቶ ሜትሩ ነዳጁን የሚረግጥና የሚለቅ ሾፌር ከፈጣኑ የባሰ አባካኝ ነው። ቁጠባ ማለት ኩርባው ከመምጣቱ በፊት እግርን ማንሳት፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነትን ማጠራቀም፣ የሞተሩ ድምፅ ከማጉረምረም ወደ ጩኸት ሳያልፍ ማርሽ መቀየር ነው። ይህ ለመማር አንድ ቀን ይበቃል። ለመልመድ ግን ዕድሜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በየደቂቃው ማሰብን ይጠይቃል፣ ሰው ደግሞ ከማሰብ መርገጥ ይቀለዋል።

በዚያ ዓመት የናፍጣ ዋጋ ጣራ ነካ። ወተቱን የሚረከበው ማኅበር ለአጓጓዡ ድርጅት አንድ ወረቀት ላከ። የድርጅቱ ኃላፊ ኢካራሺ ወረቀቱን ለፉሚኖ ያነበቡላት ዐይኗን ሳያዩ ነበር።

“የእርስዎ ሦስተኛው መስመር በቀን ስልሳ ሊትር ይጠጣል ይላል፣ ፉሚኖ ሳን።”

“ዳገት ነዋ፣ አለቃ።”

“ዳገት መሆኑን እነሱም አውቀውታል። ስለዚህ...” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የቶጋሺን እርባታ ከመስመሩ እናውጣው ነው የሚሉት።”

የቶጋሺ እርባታ የኡናቤ ሸለቆ መጨረሻ ላይ ነው። ከመጨረሻው ጎረቤት አሥራ ዘጠኝ ኪሎሜትር ይርቃል፤ ከእሱ ወዲያ ጫካና ድብ እንጂ ሰው የለም። ሁለት ሽማግሌዎችና ሠላሳ አንድ ላሞች ይኖሩበታል። ቦቴው ካልመጣ ወተቱ ይደፋል። ወተቱ ከተደፋ ላሞቹ ይሸጣሉ። ላሞቹ ከተሸጡ ደግሞ ጌንጂሮ ቶጋሺና ባለቤታቸው ኪዮ ከተማ ገብተው በሦስተኛ ፎቅ መስኮት መኪና ሲቆጥሩ ይውላሉ።

“ማነው ይህን የጻፈው?” አለች ፉሚኖ። “ላም አይቶ ያውቃል?”

“በወተቱ ካርቶን ላይ አይቶ ይሆናል።” ኢካራሺ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ እሷ ግን አላገዘቻቸውም። “ተከራከርኳቸው። አንድ ነገር አገኘሁ። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን በተከታታይ፣ አንድም ቀን ከሃምሳ አራት ሊትር ካላለፈ እርባታው ይቀጥላል።”

“ሃምሳ አራትን ከየት አመጡት?”

“ከካልኩሌተር።”

ፉሚኖ ተነሥታ ወጣች። በሩን ግን በጥንቃቄ ነበር የዘጋችው፤ ኢካራሺን ትወዳቸው ነበርና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛው መስመር የእጅ ሥራዋ ሆነ። ጎማዎቿን በየማለዳው ትለካለች፤ የላላ ጎማ ጭቃ ውስጥ እንደመሄድ ነው። ከመቀመጫው ኋላ ለዓመታት የተጠራቀመውን ሰንሰለትና አካፋ አወረደች፤ በረዶ ገና አልጣለም። ድሮም ቢሆን ቀድማ የምትወጣው ወደ ቶጋሺ ነው፤ ባዶ ቦቴ ሽቅብ፣ የሞላው ቁልቁል። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛ፣ እግሯን ከነዳጁ አንሥታ ትወርደዋለች።

በዚህ ጉዳይ ከቶቤ ጋር ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን የለም። ቶቤ የሁለተኛው መስመር ሾፌር ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ እጁም አፉም ፈጣን።

“እትዬ ፉሚኖ፣ እኔን ይስሙኝ። ከኡናቤ ሲወርዱ ማርሹን ዜሮ አድርገው ይልቀቁት። በነፃ ነው የሚወርደው!”

“በነፃ? ሞተርህ አየር ጠጥቶ ነው የሚዞረው?”

“ያው ቆሞ እንደመሥራት እኮ ነው። ምን ይጠጣል?”

“ቆሞ የሚሠራ ሞተርም እንዳይጠፋ ይጠጣል! ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሳ ግን ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ አንዲት ጠብታ አይገባም። ማርሹን ዜሮ አድርገህ ስትወርድ ደግሞ ፍሬንህ ይግላል። የጋለ ፍሬን አይዝም። ከነአሥር ቶን ወተትህ ወንዝ ትገባለህ።”

“ወንዙም አንድ ቀን ወተት ቢቀምስ ምናለ?”

“ዓሣዎቹ አመስግነው ይቀብሩሃል። ሂድ ከፊቴ።”

መለኪያው አንድ ነበር። ማታ ሲገቡ ግቢው ውስጥ ካለው የናፍጣ መቅጃ የመኪናው ነዳጅ መያዣ፣ ሰልባትዮው፣ ይሞላል፤ በማግሥቱም ስትመለስ እዚያው ቦታ፣ መኪናው ወደዚያው አቅጣጫ ቆሞ እንደገና ይሞላል። የገባው ያህል ተቃጥሏል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሃምሳ ሰባት ሆነ። በሁለተኛው ሃምሳ አምስት ተኩል። በሦስተኛው ሃምሳ አራት ነጥብ ስምንት ደረሰና እዚያው ተተከለ። በእንቁላል ላይ እንደምትሄድ ነዳች፣ ትንፋሿን ይዛ ነዳች። ሃምሳ አራት ነጥብ ስምንት። አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ነገር በሁለት ሽማግሌዎችና በሠላሳ አንድ ላሞች ፊት ግንብ ሆኖ ቆመ።

“ልጄ፣ ዱባ ውሰጂ” አሉ ኪዮ አንድ ጠዋት፣ ሁለት ዱባ በሁለት ብብታቸው አቅፈው።

“እማማ ኪዮ፣ በዚህ ወር ምንም አልጭንም።”

“ሁለት ዱባ ቦቴ ያስቆማል?”

“ሁለት ዱባ አያስቆምም። ግን ከእርስዎ ዱባ ከተቀበልኩ ከታች ያሉት ድንች ይሰጡኛል። የእነሱን ከተቀበልኩ ከእነሱ በታች ያሉት በማዳበሪያ ሽንኩርት ይዘው ይጠብቁኛል። ዓመት ዓመት በመከር ጊዜ ጋቢናዬ ገበያ ነው። ዘንድሮ ለሁሉም እንቢ ብያለሁ።”

“ዱባዬን እንቢ ያለኝ ሰው የለም” አሉ ኪዮ፣ በእውነት ከፍቷቸው።

ሽማግሌው ጌንጂሮ የወተቱን ቱቦ እየጠቀለሉ ሳቁ። “ተያት አንቺ ሴትዮ። ከዱባሽ የተጣላችው ስለ እኛ ነው።” ከዚያ ወደ ፉሚኖ ዞር ብለው፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ “ላሞቹን የሚያይ ነጋዴ በኖቬምበር መጀመሪያ ይመጣል። ለማንኛውም ብዬ ነው የጠራሁት። አትጨነቂ” አሏት።

አትጨነቂ! ፉሚኖ ጋቢናዋ ውስጥ እስክትገባ ጠበቀችና መሪውን በጥፊ መታችው። የሚጮሁ ሰዎች ቢሆኑ ይሻላት ነበር። ሠላሳ አንድ ላሞቻቸውን የሚሸጡ ሰዎች አትጨነቂ ሲሏት፣ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

መልሱን ያገኘችው ጎሚስታ ቤት ነው። አንድ የኋላ ጎማዋ ሚስማር ይዞ ስለነበር ማክሰኞ ማታ ሰልባትዮውን ከሞላች በኋላ ቦቴውን ጎሚስታው ጋ አሳደረችውና፣ ረቡዕ ጠዋት ከዚያው ተነሥታ ቀጥታ ወደ ኡናቤ ወጣች። ማታ ስትሞላ መቅጃው ሃምሳ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ደግማ አየችው። ጎማው ነው አለች፤ ጎሚስታውን መረቀችው። ሐሙስ በዚያው ጎማ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው እግር ነድታ ገባች። ሃምሳ አራት ነጥብ ስምንት።

እዚያው መቅጃው አጠገብ ቆማ አሰበች። ጎማው ያው ነው። ወተቱ ያው ነው። ነፋስ አልነበረም። ረቡዕ ያልነበረ፣ ሐሙስ ግን የነበረ ነገር ምንድን ነው?

የጠዋት ሰልፍ።

ሾፌሮቹ ሁሉ ማለዳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ግቢ ይገባሉ። የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቦቴውን ማስነሳት ነው። ከዚያ ዘጠኙ ሞተሮች ከኋላቸው እያጓሩ፣ ሾፌሮቹ ተሰልፈው በራዲዮ በሚተላለፍ የጠዋት ስፖርት ፒያኖ ክንዳቸውን ያወዛውዛሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ይዘላሉ። ቀጥሎ ጎማና መብራት ይፈተሻል። ቀጥሎ የዕለቱ ማሳሰቢያ ይነበባል። በመጨረሻም ኢካራሺ ራሳቸው የጻፉትንና በትልቁ አስጽፈው ቢሯቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን መፈክር ዘጠኙም ሾፌሮች ጡጫቸውን አንሥተው ሦስት ጊዜ ይጮሁታል፦

“እያንዳንዷን የናፍጣ ጠብታ እንደ ወተት እናክብር!”

ይህ ሁሉ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የሚጮሁትም አምነውበት ብቻ አይደለም፤ ካልጮሁ ሞተሩ ድምፃቸውን ይውጠዋል።

ፉሚኖ ራሷን በጥፊ ልትመታ ምንም አልቀራትም። ቆሞ የሚሠራ ሞተርም ይጠጣል ብላ ለቶቤ ያስተማረችው እኮ እሷ ናት! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠብታ ክብር እየጮኸች፣ ከጀርባዋ በየጠዋቱ አንድ ሊትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ናፍጣ ለፒያኖ ሙዚቃ ሲነድ አልታያትም። ማንም አልታየውም። ነገሩ የተጀመረው በድሮዎቹ መኪናዎች ዘመን፣ በጃንዋሪ ብርድ ሞተር እንቢ በሚልበት ጊዜ ነው። መኪናዎቹ ተለወጡ፤ ልማዱ ግን በሴፕቴምበርም በጁላይም ቀጠለ። ልማድ መቼ የቀን መቁጠሪያ ያያል!

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ለአለቃው መንገር። በሌላ አገር ቀላል ይሆን ይሆናል። እዚህ ግን አንዲት ሾፌር ተነሥታ፣ ሰውየው ራሳቸው በጻፉት መፈክር ሥር በየጠዋቱ የሚያባክኑት እርስዎ ነዎት ልትላቸው አይሆንም። ፉሚኖ ለቶቤ የሚዘረጋ ምላስ ነበራት፤ ለኢካራሺ ግን አልነበራትም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መረጠች። አርብ ጠዋት ቦቴዋን ሳታስነሳ በጸጥታ ከሰልፉ ገባች።

ስፖርቱ ሲያልቅ ወደ ቦቴዋ ዞረች። ሞተሩ ይሠራል።

አስነስቼው ኖሯል እንዴ አለች። ቅዳሜ ሞተሩን እንዳላስነሳች ለራሷ ሁለት ጊዜ ነግራ ተሰለፈች። ስትመለስ ቦቴው እያጓራ ጠበቃት። ሰኞ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ወገብ ወደ ጎን በሚታጠፍበት እንቅስቃሴ ላይ፣ በብብቷ ሥር አጮልቃ ወደኋላ አየች። ኢካራሺ ራሳቸው ከቢሮ መለዋወጫ ቁልፍ ይዘው በእግራቸው ጣት እየረገጡ መጡ፤ ወደ ጋቢናዋ ወጡ፤ ሕፃን የተኛበትን ክፍል እንደሚዘጋ ሰው በሩን በቀስታ ዘጉ። ሞተሩ ተነሣ። ወርደው፣ ማንም እንዳላያቸው ዙሪያቸውን ቃኝተው ተመለሱ።

ገባኝ አለች ፉሚኖ በልቧ። ከደንቡ አትውጪ እያሉኝ ነው፤ ያውም ቃል ሳያወጡ። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፉን ኪሷ እየከተተች ተሰለፈች፤ ሳምንቱን ሙሉ ቦቴው እያጓራ ጠበቃት። በየማታውም ሃምሳ አራት ነጥብ ስምንት። ከኦክቶበር አንድ ሳምንት ብቻ ቀረ።

ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ኢካራሺ ቢሮ ጠሯት። ሻዩን የቀዱት ራሳቸው ነበሩ። የባቄላ ኬክም በሰሃን ቀረበላት። ፉሚኖ ኬኩን ስታይ ደነገጠች፤ በዚህ ቢሮ ኬክ የሚቀርበው ለሚሰናበት ሰው ነው።

“እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ፉሚኖ ሳን?”

“ደህና ነው።”

“ራስ ምታትስ? አንዳንዴ... ነገር ይጠፋብዎታል?”

“ነገር ማለት?”

ኢካራሺ ሻይ ስኒያቸውን አሽከረከሩ። “እናቴን በጣም ነው የምወዳት የነበረው። ነገሩ የጀመራት ምድጃ ማጥፋት በመርሳት ነበር። ቶሎ ሐኪም ቢያያት ኖሮ... እና እርስዎ ስምንት ቀን ሙሉ ሞተር ማስነሳት ረሱ። ማንም አልሰማም! ቶቤ ብቻ ነው ያወቀው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን እሱ አስነሣልዎት፣ ከዚያ በኋላ እኔ። እንዳያፍሩ ብለን ነው።”

ፉሚኖን መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ስምንት ቀን ሁለት ጎልማሳ ወንዶች በእግር ጣታቸው እየሄዱ፣ አንዲት ጤነኛ ሴት እንዳታፍር የእሷን ናፍጣ ሲያቃጥሉላት! ሳቁ ግን ወዲያው ቁጣ ሆነ።

“አለቃ፣ አልረሳሁም። ሆነ ብዬ ነው ያላስነሣሁት።”

“ሆነ ብለው?”

“ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሊትር! ከሃምሳ አራት የሚያስበልጠኝ እሱ ነው። መንገድ ላይ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት፤ ለካ የሚነደው እዚህ ግቢ ነው። እኛ ክንዳችንን ስናወዛውዝ፣ ጡጫችንን አንሥተን ጠብታ ይከበር ስንል፣ ከጀርባችን ዘጠኝ ሞተር ቆሞ ይጠጣል። የጌንጂሮን ላሞች የሚሸጠው የማኅበሩ ካልኩሌተር አይደለም፤ የእኛ ፒያኖ ነው!”

ኢካራሺ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። “ለፍሬኑ አየር መሙላት አለበት” አሉ።

“ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።”

“ሞተሩ መሞቅ አለበት።”

“በጃንዋሪ አዎ። ያኔ እኔ ራሴ ቀድሜ መጥቼ አሞቃለሁ። አሁን ግን ገና ኦክቶበር ነው፣ ውጭ ቅጠል እየቀላ ነው። እየሄደ ይሞቃል።”

ከኢካራሺ ራስ በላይ መፈክሩ በጥቁር ቀለም ተንጠልጥሏል። ቀና ብለው አላዩትም፤ እንዳለ ግን አንገታቸው ያውቅ ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?” አሉ በመጨረሻ።

“እርስዎስ ረስተው ነው ወይ ብለው ለምን አልጠየቁኝም?”

እሷ እሳቸውን እንዳታሳፍር ዝም አለች፤ እሳቸው እሷን እንዳያሳፍሩ ዝም አሉ፤ በሁለቱ ጨዋነት መካከል ናፍጣው በየጠዋቱ ነደደ። ከስድብ ይልቅ ጨዋነት ብዙ ነገር እንዳባከነ ፉሚኖ በዚያች ቅጽበት ተረዳች፤ ተናዳም ኬኩን በአንድ ጉርሻ ዋጠችው።

“መፈክሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ” አሉ ኢካራሺ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

“ጥሩ መፈክር ነው” አለች ፉሚኖ፣ አፏ ሙሉ ሆኖ። “መጥፎ ቢሆን ምን ያናድደኝ ነበር?”

ሰኞ ጠዋት ኢካራሺ ከሰልፉ ፊት ቆሙና በጣም ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ሾፌሮቹ ግራ ተጋብተው እጅ ነሱ። “ሠላሳ ዓመት ተሳስቻለሁ” አሉ። “ሞተር አጥፉ።”

ስምንቱ ሞተሮች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ዘጠነኛው ከመጀመሪያውም አልተነሣም። በዚያ ግቢ ተሰምቶ የማያውቅ ጸጥታ ወረደ። ከአጥሩ ማዶ ወንዙ ሲፈስ ተሰማ። የራዲዮው ፒያኖ ከመቼውም የበለጠ ጎልቶ ወጣ፤ ለካ የፒያኖው አንዱ ቁልፍ ድምፁ ይሰነጠቃል። የመፈክሩ ሰዓት ሲደርስ ግን ሁሉም በልማዳቸው ሳንባቸውን ሞልተው፣

“እያንዳንዷን የናፍጣ ጠብታ እንደ ወተት እናክብር!” ብለው ሲያስተጋቡት፣ የጎረቤት ውሻ ተነሥቶ ጮኸ፣ የአንድ ቤት መስኮት ተከፈተ፣ “ምን ሆናችሁ?” የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ሁለተኛውን በግማሽ ድምፅ አሉት። ሦስተኛውን ሳቅ አላስጨረሳቸውም። ከኢካራሺ በቀር፤ እሳቸው ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ፣ መፈክሩ ሁልጊዜም እንዲህ የሚሰማ መስሏቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ሰኞ ሃምሳ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። ማክሰኞ ሃምሳ ሦስት ነጥብ ስምንት። ረቡዕ ዝናብ ጣለና ልክ ሃምሳ አራት ላይ ቆመ፤ መቅጃውን የያዘው ቶቤ ነበር። “እትዬ፣ እኔ እኮ የራሴን መስመር እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም” አለ። ሐሙስና አርብ በሰላም አለፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሸለቆው ነፋስ ወደ ፊቷ ይነፍስ ነበር። ነፋስ በነዳጅ ላይ እጅ አለው፤ ፉሚኖም ፍጥነቷን ትንሽ ቀንሳ ወጣች። ቶጋሺ ቤት ስትደርስ ሽማግሌዎቹ ምንም አልጠየቋትም። ኪዮ ዱባ አላቀረቡም፤ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ቆመው ብቻ ሸኟት።

ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ፣ ከታችኛው ኩርባ በፊት፣ አንዲት አጋዘን መንገዱን ዘላ ተሻገረች። ሄደች። መንገዱ ባዶ ሆነ። ሌላ ሾፌር ቢሆን ተመስገን ብሎ ነዳጁን ይረግጥ ነበር። ፉሚኖ ግን አጋዘን ብቻዋን እንደማትሄድ ታውቃለች፤ እግሯን ከነዳጁ አንሥታ ማርሹን አንድ ደረጃ ቀነሰች፤ ሞተሩ ቦቴውን ያዘው። ወተቱ ከኋላዋ እንኳ አልተነቃነቀም። ከጥቂት እርምጃ በኋላ ሁለተኛዋ ወጣች፣ ቀጥሎ ሦስተኛዋ፤ ይቺኛዋ ጭራሽ መንገዱ መሐል ቆማ ፉሚኖን አየቻት።

“ሂጂ እንጂ፣ እመቤት” አለች ፉሚኖ። “ዛሬ ፍሬን አልይዝልሽም።”

አጋዘኗ ሄደች። ፍሬን አልተያዘም።

ማታ መቅጃው ዙሪያ ዘጠኙም ሾፌሮች ነበሩ፤ ማንም ቤቱ አልሄደም። መቅጃውን የያዙት ኢካራሺ ናቸው። ናፍጣው ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ጠቅ ብሎ ቆመ። ሃምሳ ሦስት ነጥብ አራት!

“አለፈ!” አለ ቶቤ።

“ዝም በል” አሉ ኢካራሺ። “አረፋው ይውረድ። በየቀኑ እንዳደረግነው።”

ፉሚኖ በዚያች ቅጽበት ልታንቃቸው ፈለገች፤ በዚያችው ቅጽበትም ከመቼውም ይልቅ አከበረቻቸው። አረፋው እስኪወርድ ጠበቁ። እንደገና ሞሉ። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ጠቅ።

ሃምሳ ሦስት ነጥብ ሰባት።

ቶቤ እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጮኸ። ኢካራሺ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ በጣታቸው ነክተው ካረጋገጡ በኋላ፣ ለፉሚኖ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ እሷም ነሳች፤ ሁለቱም ቀና ማለቱን ማን ይጀምር በሚል ረጅም ጊዜ ዝቅ እንዳሉ ቆዩ።

“በቃ ቀና በሉ!” አለ ቶቤ። “ሌላ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ልታቃጥሉ ነው?”

በሚቀጥለው ሰኞ የቶጋሺ ግቢ በር ላይ ስምንት ዱባዎች በሰልፍ ተደርድረው ጠበቋት፤ ከነጭቃቸው፣ ትልልቅ፣ እንቢ ያለችባቸው ቀናት ሁሉ ዕዳ እንደሆኑ። ጌንጂሮ የላም ነጋዴው እንዳይመጣ ስልክ ደውለውለት ነበር፤ ሰውየው ትንሽ ተከፍቷል አሉ፤ ድምፃቸው ግን ምንም ኀዘን አልነበረበትም።

“ዛሬስ?” አሉ ኪዮ፣ ወገባቸውን ይዘው።

“ዛሬ ሁሉንም” አለች ፉሚኖ።

ዱባዎቹን ከጎኗ ባለው መቀመጫ ላይ ደረደረችና ቀበቶ አሰረችላቸው፤ ካላሰረች መኪናው ሰው የተቀመጠ መስሎት እየጮኸ ያስቸግራል። ቁልቁለቱን ስትጀምር እግሯን አነሣች፤ ሞተሩ ያለ ናፍጣ፣ በጎማው ኃይል ብቻ እየዞረ፣ በቀስታ እያንጎራጎረ ወረደ። ታች ስትደርስ፣ እርባታዎቹ በር ላይ፣ ድንች የያዙ ሰዎች ቆመው ታዩዋት። ከእነሱም ወዲያ፣ በማዳበሪያ ሽንኩርት ይዞ፣ አንድ ሰው እጁን ያውለበልባል።

ዛሬ ስልሳ ሊትር ይሆናል አለች፤ ሳቋንም ለመያዝ አልሞከረችም።